ያልተደገፈ ንግግር

በ2071 ዓ.ም. በቦርከና ከተማ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰዎች ሕጋዊ ድምፅ ነበራቸው። ራቢያ ሙሄ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው። የምትሠራው ካልሲ ፋብሪካ ሲሆን፣ ሥራዋ ከማሽን የወጣውን ካልሲ እያጣመሩ ማሰር ነበር። በዚህ ሥራ ከክፍሉ የሚቀድማት አልነበረም። ቀለማቸው አንድ መስሎ ክራቸው የሚለያየውን በጣቷ ዳብሳ ታወጣለች።

ድምፁ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ነገር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት የትምህርት ቤቱ መርማሪዎች «የአእምሮ እድገቷ ከመስመሩ በታች ነው» ብለው ፈረሙ፤ በማግሥቱ ደረቷ ላይ አደረጉላት። ያን ጊዜ እናቷ በሕይወት ነበረች። እልል ብላለች። ልጇ ሱቅ ሄዳ በተኮላተፈች ቁጥር ሰው የሚስቅባት ጊዜ አበቃ ማለት ነው። ቁልፉ የሚያወጣው የራቢያን የራሷን ድምፅ ነበር፤ የማይኮላተፍ፣ የማይቆራረጥ፣ ጨዋ የሆነ የራቢያ ድምፅ። ሲናገርም «እኔ» እያለ ነው።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ አከራይዋን «እንዴት አደሩ እማማ ሎሚ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት?» የሚለው ድምፁ ነው። ዳቦ ቤት ሁለት ዳቦ የሚያዘው፣ አለቃዋን ፈቃድ የሚጠይቀው እሱ ነው። ክሊኒክ ስትሄድ ሐኪሟ ቁልፉን ትጠይቃለች፣ ቁልፉ ይመልሳል፤ ራቢያ ተኝታ ሆዷን ትገልጣለች። ከእሷ ጋር የሚነጋገር ሰው ሁሉ ዓይኑ ደረቷ ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል በራሷ አፍ የምትናገረው እየቀነሰ ሄደ። ለካልሲዎቹ ታወራለች። ለጀማልም ታወራ ነበር።

ጀማል ደረቅ ወደብ ላይ ጆንያ ይቆጥር የነበረ ሰው ነው። እሱም ድምፅ አለው። ሰፈር ውስጥ ያሉ አንድ ሼህ ኒካህ አስረውላቸው ስምንት ወር አብረው ኖሩ። አንድ ቀን ከፋብሪካው አጥር ሥር ተቀምጠው ምሳ እየበሉ ሳለ፣ የሁለቱ ድምፆች ትዳሩ ለሁለቱም እንደማይጠቅም ተስማምተው ፍቺ አስመዘገቡ። መዝገቡ ላይ እንደሰፈረው ስምምነቱ የፈጀው አራት ሰከንድ ነው። ራቢያና ጀማል ምሳቸውን ጨረሱ፣ ሳህኑን አብረው አጠቡ፣ ወደየሥራቸው ተመለሱ። ማታ ጀማል ወደ ቤት አልመጣም። ወደ ሰመራ ተዛውሯል ተባለ። ራቢያ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሰባት ወር ሲሞላት፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ፣ ወደ ውዴ አራጋው ቢሮ ሄደች።

ውዴ የአርባ ስድስት ዓመት ጠበቃ ናት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች በነፃ የምትቆም፣ በዚያች ከተማ ብቸኛዋ ሰው እሷ ነበረች። ቢሮዋ ከአንድ የፎቶ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ራቢያን ከዚህ በፊት አይታት አታውቅም። ራቢያ ደረጃውን ስትወጣ አልፎ አልፎ እየቆመች ነበር የመጣችው፤ ከገባችም በኋላ ለመቀመጥ አልፈለገችም።

«እንደምን ዋልሽ እት ውዴ» አለ ድምፁ። «በደጅሽ ሳልፍ ገባሁ። ልጄ ሲወለድ ለሌላ ቤተሰብ እንዲመደብ ተስማምቻለሁ። ወረቀቱ አልቋል። የሚያስቸግርሽ ነገር የለም።»

ራቢያ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ውዴ ዓይኗን ከቁልፉ አንስታ ፊቷን አየች። «አንቺን ነው የምጠይቅሽ፣ ራቢያ። ልጅሽን እንዲወስዱት ትፈልጊያለሽ?»

ራቢያ አፏን ከፈተች። «አ...»

«አዎ፣ እፈልጋለሁ» አለ ድምፁ።

«አይ!»

«አይዞሽ ማለቴ ነው» አለ ድምፁ፣ በለሰለሰ አነጋገር። «እት ውዴ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።»

ራቢያ ቁልፉን በመዳፏ ሸፈነችው። ከመዳፏ ሥር መናገሩን ቀጠለ።

ውዴ ሕጉን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጠበቃ በሆነች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ንግግር የማይሆንለት ሰው ባልሠራው ስርቆት ያለ አንድ ቃል ሲፈረድበት ፍርድ ቤት ተቀምጣ አይታለች። ከዚያ በኋላ ነው ከጓደኞቿ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች ፊርማ ያሰባሰበችው። «ማንም ሰው ያለ ድምፅ አይቅር» ይል ነበር ጽሑፋቸው። አዋጁ ወጣ። ቁልፎቹ ታደሉ። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ግን ማንም ልብ ያላለው አንድ መስመር ገብቶ ነበር፤ የሰውየው ፍላጎትና ጥቅም በተጋጩ ጊዜ ድምፁ ጥቅሙን ይናገራል የሚል። ጥቅሙ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ድምፁ ነው። ሰውየው በራሱ አፍ የሚናገረው «ያልተደገፈ ንግግር» ይባላል፤ ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረ። አንቀጽ ሠላሳ አንድ፣ ባለ ድምፅ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያለ ድምፅ ፍርድ ቤት እንዲሰማው ሊጠይቅ ይችላል ይላል። አዋጁ ከወጣ ጀምሮ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠይቅለት ድምፁ ነዋ። ውዴ ማመልከቻውን ያን ዕለት ጻፈች። ራቢያ በጣቷ ፈረመች። ድምፁ ተቃውሞ አስመዘገበ። የሦስተኛው ችሎት ዳኛ መኳንንት ግን ጥያቄውን ተቀበሉና ቀጠሮ ሰጡ፤ ልጁ ከተወለደ ከሠላሳ ቀን በኋላ።

ዝግጅቱ የት እንደሚሆን ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ቁልፉን ያለ ፈቃድ ማውለቅ ያስቀጣል። የሚወልቀው ገላ ለመታጠብ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠበቃዋና ደንበኛዋ የሚገናኙት ወይዘሮ ሎሚ ግቢ፣ በቆርቆሮ በተሠራችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆነ። ወይዘሮ ሎሚ ቁልፉን ተቀብለው ወደ ቤት ይዘውት ይገቡና ሬዲዮ ከፍተው አጠገቡ ያስቀምጡታል። ውዴ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጣለች። ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

«ምን ትፈልጊያለሽ፣ ራቢያ?»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ራቢያ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጥያቄውን ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ደረቷን ታያለች፤ እስኪመልስላት ትጠብቃለች። ውዴም ትጠብቃለች። ግማሽ ሰዓቱ ያልቃል። በአራተኛው ቀን ራቢያ አለቀሰች። በአምስተኛው ቀን፣ ውዴ ጥያቄውን ሳትጨርስ፣ ከሆዷ ፈንቅሎ እንደወጣ ሁሉ፣

«ልጄ የኔ ነው። አትውሰዱብኝ። እኔ አሳድገዋለሁ» አለች።

ውዴ ከባልዲው ላይ ተነስታ አቀፈቻት። እርጥብ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ታወራ ጀመር። የወይዘሮ ሎሚን የልጅ ልጅ ሁለት ዓመት በጀርባዋ ያዘለችው እሷ እንደነበረች ተናገረች። ልጁ ሲያተኩሰው ጉንጯን ግንባሩ ላይ አድርጋ እንደምታውቅ፣ ሲያለቅስ ርቦት ይሁን ወይ ሆዱን አሞት ይሁን ከልቅሶው እንደምትለይ ነገረቻት። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ በመካከላቸው ብዙ ዝምታ እየገባ ነው የሚወጡት። ውዴ ጊዜው እንዳይበቃ ፈራች። አሥር ደቂቃ አጭር ነው።

«የመጀመሪያዋን ያዣት» አለቻት። «ልጄ የኔ ነው ያልሽውን። ሥራ ላይም በያት፣ መንገድ ላይም በያት። አፍሽ ይልመዳት፤ ያን ቀን ሌላው ቢጠፋሽ እንኳ እሷ አትጠፋም።»

ራቢያ የታዘዘችውን አደረገች።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ፣ አንድ ቀን ሁለቱ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሊገቡ ሲሉ ድምፁ ውዴን ጠራት።

«እት ውዴ፣ ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ። ውክልናሽን አንስቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጠበቃዬ አይደለሽም፤ እዚህ ግቢም ያለ እኔ ፈቃድ አትምጪ።»

ራቢያ የውዴን እጅጌ ይዛ ነበር። አለቀቀችም። ውዴ ስልኳን አወጣች፤ ማስታወቂያው ደርሷል፣ ማኅተም አለው። ወይዘሮ ሎሚ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ኧረ በፈጠረሽ! ምን አድርጋሽ ነው ልጄ?» አሉ ራቢያን።

«ምንም አላደረገችኝም እማማ» አለ ድምፁ። «የሚጠቅመኝ ይኼ ስለሆነ ነው።»

ውዴ የራቢያን ጣቶች ከእጅጌዋ ላይ ራሷ አላቀቀቻቸው። ያለ ውክልና ግቢው ውስጥ ከተገኘች ቀጠሮው ራሱ ሊሰረዝ ይችላል። ይህንን ለራቢያ ለማስረዳት ሞከረች፤ ድምፁ ግን እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር «ገባኝ፣ ደኅና ሁኚ» እያለ ያቋርጣታል። ውዴ ወጣች። ራቢያ እስከ መንገዱ ተከተለቻት።

ልጁ የተወለደው ከታሰበው ቀን በፊት ነው። ወንድ ነው። ራቢያ ኑሬ አለችው። መዝገቡ ላይ ስም የሚለው ቦታ ባዶ ተተወ፤ የሚቀበሉት ቤተሰቦች እንዲያወጡለት ድምፁ ተስማምቷል። እስከ ቀጠሮው ቀን ልጁ ሕፃናት ማቆያ ተቀመጠ። ራቢያ በቀን አራት ጊዜ እየሄደች እንድታጠባው ተፈቀደላት፤ ሰዓቱም ተለክቶ ተሰጣት። ከማቆያው ሠራተኞች አንዷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ራቢያ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ልጁን ስታጠባ በጆሮው የሆነ ነገር ታንሾካሹክለታለች፤ ምን እንደምትለው ግን አይሰማም።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያልተደገፈ ንግግር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ብዙዎች ለማየት መጥተዋል። ውዴ ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ወይዘሮ ሎሚ አጠገቧ ነበሩ። ራቢያ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ነጭ ሻሽ አድርጋለች። ጸሐፊዋ ቁልፉን አውልቃ ከዳኛው ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ።

ዳኛ መኳንንት ክፉ ሰው አልነበሩም። «ወይዘሮ ራቢያ» አሉ፣ «አሥር ደቂቃ አለዎት። አይቸኩሉ። ስለ ልጅዎ ምን ይላሉ?»

ራቢያ ደረቷን አየች። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ውዴ የወይዘሮ ሎሚን እጅ ጨብጣ ይዛ ነበር፤ አሮጊቷ እንዳመማቸው አልነገሯትም።

በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ራቢያ ቀና አለች።

«ልጄ የኔ ነው። አትውሰዱብኝ። እኔ አሳድገዋለሁ።»

የራሷ ድምፅ ሻካራ ነው፤ ሰው ከለመደው ከቁልፉ ድምፅ ወፈር ይላል። ግን አልተኮላተፈችም፤ አንዲት ፊደል አልተዋጠችባትም። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ቢታመምብዎትስ? ምን ያደርጋሉ?»

«ጉንጬን... ግንባሩ ላይ» አለች ራቢያ። በእጇ አሳየቻቸው። «ትኩስ ከሆነ... ክሊኒክ። ከእማማ ሎሚ ጋ። አብረን።»

ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። ወይዘሮ ሎሚ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ከመናገራቸው በፊት ውዴ አፋቸውን ያዘችላቸው። ውዴ ዳኛውን ሃያ ዓመት ታውቃቸዋለች። ሲጽፉ አገጫቸውን የሚያሻሹት ሐሳባቸው ሲለወጥ ነው። እያሻሹ ነበር።

«ሕጉ በሚያዘው መሠረት» አሉ ዳኛው፣ «ድምፁ አስተያየት ካለው ይስጥ።»

«አመሰግናለሁ ክቡር ዳኛ» አለ ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እስከ ዛሬ ጠዋት አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ብያቸዋለሁ። ካልሲ ሳጣምር ብያቸዋለሁ፣ መንገድ ስሄድ ብያቸዋለሁ፣ እንጀራ እየጎረስኩ ብያቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ሰው የልቡን ሲናገር እንዲህ አይናገርም። ወይዘሮ ውዴ አራጋው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መታጠቢያ ቤት ዘግታብኝ ያስጠናችኝ ነው። ስለ ትኩሳቱ የተናገርኩትም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። ክቡር ዳኛ፣ እኔ ያስተማሩኝን ሁሉ የምደግም ሰው ነኝ፤ የሕክምና መዝገቤ ላይ ተጽፏል። ከእንደዚህ ያሉ ሰዎች እንዲጠብቁኝ እለምንዎታለሁ።»

ውዴ ብድግ አለች። «ቃሉን ያወጣችው እሷ ናት! እኔ አንድ ፊደል አልነገርኳትም! በያት፣ አትርሻት ነው ያልኳት!»

«ወይዘሮ ውዴ፣ ውክልና የለዎትም። ይቀመጡ።»

«ክቡር ዳኛ፣ ስለ ፈራች ነው የደጋገመችው፤ ቢጠፋብኝስ ብላ...»

«ይቀመጡ፤ አለዚያ አስወጣዎታለሁ።»

ውዴ ተቀመጠች። ዳኛው ወደ ራቢያ ዞሩ። ሦስት ደቂቃ ከግማሽ ቀርቷል።

«ወይዘሮ ራቢያ፣ ያሉትን ሰምቻለሁ። እስቲ በሌላ አነጋገር ይንገሩኝ። በሌላ ቃል።»

ራቢያ የተጠየቀችው አልገባትም። ቃሉ እኮ ትክክል ነው፤ አልተሳሳተችም። ምናልባት አልሰሟት ይሆናል።

«ልጄ የኔ ነው። አትውሰዱብኝ። እኔ አሳድገዋለሁ» አለች፣ ከፍ አድርጋ።

«እሱን ብለዋል። ሌላስ?»

«ልጄ የኔ ነው!» ጮኸች። «አትውሰዱብኝ! እኔ አሳድገዋለሁ!»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ብዙ አልቆየም። ራቢያ ወደ ሳቁበት ዞራ አየች። ከዚያ ሰዓቱን አየች። የማጥቢያዋ ሰዓት አልፎ ነበር። ሻሿን ከደረቷ ላይ ገለጠችና የቀሚሷን ፊት ለዳኛው አሳየች። አረንጓዴው ጨርቅ ከሁለቱም ጡቶቿ ላይ እስከ ወገቧ በወተት ርሶ ጠቁሯል።

«ይኸው» አለች።

ጸሐፊዋ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ዳኛው «ይሸፈኑ፣ ይሸፈኑ» አሉ። መዝገቡ ላይ «ከጥያቄው ጋር ግንኙነት የሌለው ድርጊት ፈጽማለች» ተብሎ ተጻፈ። ሰዓቱ አለቀ። ጸሐፊዋ ቁልፉን መልሳ ቀሚሷ ላይ አደረገችላት፤ እርጥብ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መሞከር ነበረባት። ቁልፉ ወዲያው «ይቅርታ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ።

ፍርዱ ከምሳ በኋላ ተነበበ። ልጁ ለተመረጡለት ቤተሰቦች እንዲሰጥ። ራቢያ ሙሄ ዳግም የሌሎች ቃል ማስተላለፊያ እንዳትሆን የአንቀጽ ሠላሳ አንድ መብቷ እንዲዘጋ፤ ቁልፏም ለገላ መታጠቢያ በማይወልቅ ዓይነት እንዲተካ። ውዴ አራጋው «ራሷን መከላከል በማትችል ሰው አፍ ቃል በማስገባት» ጥፋት ለሦስት ዓመት ከጥብቅና እንድትታገድ። ዳኛው ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ርክክቡ የተደረገው በማግሥቱ፣ ሕፃናት ማቆያው ውስጥ ነው። ወይዘሮ ሎሚ ራቢያን ይዘው ሄዱ፤ ውዴ ከክፍሉ መስታወት ውጭ ቆመች። ተቀባዮቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሴትዮዋ አስተማሪ ናት፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች። አዲስ ብርድ ልብስ ይዘው መጥተዋል። ራቢያ ልጁን እያጠባች ነበር። እስኪጨርስ ጠበቋት። ሲጨርስ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፣ አፉን ጠረገችለት።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ድምፁ። «በደስታ ነው የምሰጣችሁ። ከእኔ የተሻለ እንደምታሳድጉት አምናለሁ።»

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። «አምላክ ይስጥሽ፣ እህቴ» አለች። እጇን ዘረጋች።

ራቢያ ልጁን አልለቀቀችም። ነርሷ መጣች። የራቢያን ጣቶች ከትንሿ ጣት ጀምራ አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረች፤ አንዱን ስታላቅቅ ያላቀቀችው ተመልሶ ይይዛል።

«ማልቀስ ከጀመረ ጀርባውን አሹለት» አለ ድምፁ በዚህ ሁሉ መካከል። «በቀኝ ጎኑ መተኛት ይወዳል። ስለ እኔ አታስቡ።»

ሁለተኛ ነርስ ተጨመረች። ልጁ ከእጇ ወጣ። ያን ጊዜ ራቢያ ጮኸች። ቃል አልነበረውም፤ ጩኸት ብቻ ነው። ውዴ ከመስታወቱ ውጭ ሆና ጩኸቱን አልሰማችም፤ አፏ ሲከፈት ብቻ አየች።

«ደክሞኛል» አለ ድምፁ። «ወደ ቤቴ ልሂድ።»

«እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት!» አለች አስተማሪዋ ለባሏ፣ ብርድ ልብሱን እየጠቀለለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ራቢያ ጡቷ አብጦ ድንጋይ ሆነባት። ወይዘሮ ሎሚ ጨርቅ በሙቅ ውኃ እየነከሩ አሹላት። ውዴም ነበረች፤ ከታገደች ወዲህ እንደ ጎረቤት መምጣት የሚከለክላት ሕግ አልነበረም፤ ድምፁም ዝም አለ። ራቢያ አንዲት ነጭ ኩባያ ይዛ ተቀመጠችና ወተቷን አለበች። ኩባያዋ ግማሽ ስትደርስ በስኒ ማስቀመጫ ከድና መስኮቱ ላይ አኖረቻት።

«ለማን ነው፣ ራቢዬ?» አሉ ወይዘሮ ሎሚ።

ራቢያ ለመናገር ጊዜ ፈጀባት። ሁለቱም ጠበቋት። «እንደ ማቆያው... አልባለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ነርሷ ትወስዳለች። ባዶውን... ታመጣለች።» ሰላም ያለው ፊት ነበራት። «ኑሬ ይጠጣል።»

ወይዘሮ ሎሚ ውዴን አዩ። ውዴ መሬት አየች።

በማግሥቱ ጠዋት ራቢያ ወደ ፋብሪካ ሄደች። ወተቱ በሙቀቱ ተበላሽቶ መሽተት ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ ሎሚ አንስተው ግቢው ጥግ ደፉት፤ ኩባያዋን አጥበው፣ ሌላ የሚያደርጉት ስላጡ፣ እንደነበረች ከድነው እዚያው መስኮት ላይ መልሰው አስቀመጧት።

ራቢያ ከሥራ ስትመለስ ውዴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ይግባኝ የሚልላት ሌላ ጠበቃ ለማግኘት ስትዞር ውላ፣ አንድም ሳይቀበላት ነበር የመጣችው፤ ይህንኑ ለራቢያ ልትነግራት ነው። ደንበኞቿን እውነቱን ሳትሸፍን መንገር የሥራዋ ሁሉ መሠረት ነበር። በዚህ የተነሳ ከብዙ ቤተሰቦች ጋር ተጣልታለች። ለሰው ጥቅም ተብሎ የሚዋሽ ውሸት ሰውየውን ከሰው ተራ ያወጣዋል ብላ ለዳኞች ተከራክራለች።

ራቢያ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ማስቀመጫውን አነሳች። ወደ ኩባያዋ ውስጥ አየች፣ ገለበጠቻት፣ በጣቷ ውስጧን ዳበሰች። ከዚያ ዞራ ውዴን አየቻት። ከተገናኙበት ቀን ጀምሮ ውዴ በዚያ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ አይታ አታውቅም።

«ጠጣ?» አለች ራቢያ።

«አዎ፣ ጠጣው» አለ ድምፁ።

ራቢያ ግን ቁልፉን አልሰማችውም። ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ የውዴን አፍ አፍ እያየች ትጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ሎሚ ከውስጥ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ውዴ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

«አዎ» አለች። «ጠጣው።»